ደሴ ላይ ከተራን በፊልም ማንሳት

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሦስት ጥቅል ፊልም ይዛ መጣች። ጥቁርና ነጭ፣ ኢልፎርድ ኤችፒ5፣ ባለ 36። "ጋሼ፣ ከተራን በዚህ ማንሳት አሳየኝ" አለችኝ። ደስም አለኝ፣ ገረመኝም። ፊልም ሞቷል ብዬ ካሜራዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ።

ሦስት ጥቅል 108 ፎቶ ነው። ስልኳን ተቀበልኩና ያለፈውን ጥምቀት ከፈትኩ። 1,400 ፎቶ። "ከነዚህ ውስጥ ስልኩን ሳታዪ የምታስታውሺው የትኛውን ነው?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና እጇን ዘርግታ ስልኩን ጠየቀችኝ።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት በ17 ዓመቴ ነው። እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ከነበረ አንድ ፎቶ ቤት ተላላኪ ሆኜ ገባሁ። መጀመሪያ መጥረግ። ከዚያ ፎቶ ማድረቅ። ከዚያ ፊልም ማጠብ። ካሜራ የነካሁት በመጨረሻ ነው፣ በ1984 ጥር። ባለቤቱ አሟቸው ስለነበር "ሂድና ከተራን አንሳ፣ የመጣው ይምጣ" ብለው ዜኒት የሚባለውን ካሜራቸውን ሰጡኝ። የዚያ ቀን ጥቅል አሁንም አለኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ካሜራው ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ የምታዩት ፊልሙ በትክክል መግባቱን ነው። ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ክተቱት። ጫፉን ከማጠንጠኛው አያይዛችሁ ክዳኑን ዝጉ። ከዚያ ፊልሙን የምትመልሱበትን ቁልፍ በቀስታ አዙራችሁ ወጥሩት። አሁን ወደሚቀጥለው ፍሬም ስትስቡ ያ ቁልፍ አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊልሙ ካለበት አልተነቃነቀም። ቁጥሩ ግን ይቆጥራል። ይሄን የማውቀው በራሴ ጥፋት ነው። በ1988 ሙሉ ከተራ "አነሳሁ"። ሰው ቀብድ ከፍሏል። ሳጥበው ፊልሙ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከመጀመሪያውም አልተያያዘም ነበር። አንዲት የሰፈር እናት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ባገኙኝ ቁጥር "ፎቶዬስ?" ይሉኝ ነበር። ቀብዱን መልሼላቸዋለሁ። እሳቸው የሚፈልጉት ግን ገንዘቡን አልነበረም።

ዜኒት ሌላ ጣጣ አለው። ሌንሱ፣ ሄሊዮስ የሚባለው፣ ዲያፍራሙን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ራሱ አይዘጋም። ከፍታችሁ ፎከስ ታደርጋላችሁ፣ ከዚያ በእጃችሁ ትዘጋላችሁ። ግርግር ውስጥ መዝጋት ይረሳል። የኔ መላ ቀላል ነው። ሰልፍ ላይ ፎከስ አላደርግም። ዲያፍራሙን 8 ላይ፣ ርቀቱን 4 ሜትር ላይ አስቀምጥና አልነካውም። በዚህ ሌንስ ከ3 ሜትር እስከ 5 ሜትር ተኩል ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። 4 ሜትር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቤታችሁ በር ላይ ተለማመዱ። ከዚያ ሥራው የእግር ነው፤ ትቀርባላችሁ፣ ትርቃላችሁ።

አሁን ወደ ብርሃን።

ከተራ ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጥር ላይ ሰማያችን ጥርት ያለ ነው። ግን ከተማዋ ከምዕራብ በኩል የጦሳን ተራራ ተደግፋ ነው የተቀመጠችው። ሌላ አገር ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ እኛ ዘንድ ከጦሳ ጀርባ ትገባለች። ቀና ስትሉ ሰማዩ ብሩህ ነው። መንገዱ ላይ ግን ጥላ ወድቋል። የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው፣ ዓይን ቶሎ ይለምዳል፣ ፊልም አይለምድም። ስለዚህ ለከተራ 400 ፊልም ያዙ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ በትንሽ ብርሃን ይሠራል። ባለ 200 ከለር ፊልም ለማግስቱ፣ ለጥምቀት ጠዋት ይሁን።

የድሮው ደንብ በጠራራ ፀሐይ ዲያፍራም 16 አድርግ፣ ስፒዱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር አቀራርብ ይላል። ለ400 ፊልም ስፒድ 500፣ የሰከንድ አምስት መቶኛ፣ ማለት ነው። እኔ ግን 16 አልጠቀምም። 11 አደርገዋለሁ፣ አንዳንዴም 8፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ምክንያቱም የማነሳው ፀሐይዋን አይደለም፣ በነጠላ የተሸፈነ ፊት ነው። ፀሐይ ጦሳ ጀርባ ከገባች በኋላ ስፒድ 250፣ ዲያፍራም 5.6። ሲመሽ 60 እና 2.8። ከ60 በታች እየተራመደ ያለ ሰው ይደበዝዛል። ከበሮ መቺ ከሆነ ግን ይደብዝዝ፣ እጁ ቢደበዝዝ ያምርበታል።

ነጠላው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ነው የተሠራው። መቶ ነጭ ነጠላ ሲደረደርበት ብርሃን የበዛ ይመስለዋል። ይቀንሳል። ከዚያ ነጠላው አመድ፣ የኛ ፊት ከሰል ሆኖ ይወጣል። በደጉ ጊዜ ስንት ሰው ፎቶውን ተቀብሎ "እኔ እንዲህ ጠቁሬያለሁ?" እያለ ተቆጥቶብናል። መለኪያው ከነገራችሁ ላይ አንድ፣ አንዳንዴም አንድ ተኩል ደረጃ ጨምሩ፤ አንድ ደረጃ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ወይም የእጃችሁን ጀርባ ሰልፉ በሚያልፍበት ብርሃን ውስጥ ዘርግታችሁ እሱን ለኩ። ብርሃን ትንሽ ቢበዛ ኔጋቲቭ ፊልም ይችላል። ካነሰበት ግን ያልያዘውን ጥላ በኋላ ከየትም አታመጡለትም።

ጊዜው ያለፈበት ፊልም ከዘመድ መሳቢያ ካገኛችሁ አትጣሉ። ለከለር ፊልም በየአሥር ዓመቱ አንድ ደረጃ ብርሃን ጨምሩለት፣ 200ውን እንደ 100 ቁጠሩት። አደራ የተቀበላችሁበትን ፎቶ ግን በእሱ አታንሱ።

በአውሮፕላን በኮምቦልቻ በኩል የምትመጡ፣ ፊልሙን ከእጅ ሻንጣችሁ አውጥታችሁ "በእጅ ይታይልኝ" በሉ። አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ። እምቢ ካሏችሁ አትጨቃጨቁ፣ ሌላ ጊዜ በአውቶቡስ ኑ። ኮምቦልቻ ላይ ሰልፍ የምታነሱ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሚያዝያ 23 ሠራተኛው ሲወጣ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ከወረዳችሁ በኋላ ሙቀቱ ሌላ ነው። ፊልም መኪና ውስጥ አትተዉ።

የዒድ ጠዋት ደግሞ ለፎቶ ከከተራ ይቀላል። ለሶላት ወደ ሆጤ የሚጎርፈው ሰው የጠዋት ፀሐይን በጎን ይዞ ነው የሚመጣው። ጥላው ይረዝማል፣ የልጆቹ አዲስ ልብስ ያበራል። ወሎ ነውና ከኔ ኔጋቲቭ ግማሹ ዒድ ነው። ጎረቤቶቻችን ከሶላት ሲመለሱ በራቸው ላይ እጠብቃቸው ነበር። ቀጥሎ ያለው የቁርስ ነገር ነው፣ እሱን ተዉት።

የት ልቁም?

ምንጣፉን ተከተሉ። ወጣቶቹ ምንጣፍ እየጠቀለሉ ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ ይዘረጋሉ። ምንጣፉ ከታየ ታቦቱ ሩቅ አይደለም። ከምንጣፉ 50 ሜትር ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፣ ጥላና ብርሃኑን እዩ፣ ዲያፍራሙን አስተካክሉ፣ ጠብቁ። ከኋላ እየተከተላችሁ ማንሳት ጀርባና ጃንጥላ ብቻ ነው የሚያተርፋችሁ። ምንጣፉን አትርገጡ። ታቦቱ ፊት አትደንቀሩ። ፍላሽ አታብሩ። ፎቅ ላይ ወጥቶ ታቦቱን ከላይ ወደ ታች ማንሳት አሁን የተለመደ ሆኗል። እኔ አላደርገውም። አዋቂ ሰው ደግሞ ቀና ብሎ አይቷችሁ ፊቱን ካጠቆረ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። ያ ፎቶ የእናንተ አይደለም።

የታቦቱን ፎቶ ሁሉም ሰው ያነሳዋል። የዘንድሮውና የዛሬ ሃያ ዓመቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ጃንጥላው አንድ ነው፣ ካባው አንድ ነው። ዓመቱን የሚነግራችሁ ዳር የቆመው ሰው ነው። ጫማው። የፀጉሩ አቆራረጥ። ልጁን በምን እንዳዘለ። ከኋላው ያለው ሱቅ ምን ይሸጥ እንደነበር። ስለዚህ ለወንድሜ ልጅ ያልኳት ይሄን ነው፤ ታቦቱ ሲያልፍ አንድ ፍሬም አንሺ፣ ከዚያ ዞር በዪና የሚያዩትን ሰዎች አንሺ። እልል ስትል አፏ ላይ እጇን ያደረገች ሴት። ግንብ ላይ የተሰቀለ ሕፃን። ሻይዋን ጥላ በሩ ላይ የወጣች አስተናጋጅ።

36ቱን አስቀድማችሁ ከፋፍሉ። እኔ 8ቱን ሰው ሳይሰበሰብ በፊት እጨርሳለሁ፣ ሰፈር ውስጥ፣ ነጠላ ሲታጠፍ፣ ጫማ ሲቦረሽ። 20ው ለመንገዱ ነው። 8ቱ ለመመለሻው ይቀራል። ጀማሪ ሁሉ መመለሻ ላይ ፊልም ያልቅበታል። ሰው ግን ፊቱን የሚፈታው ያኔ ነው፣ እግሩ ደክሞት፣ ልጁ ትከሻው ላይ ተኝቶበት።

ሊንዳ ሄንክል የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን ሙዚየም አስገብታ ሞክራው ነበር አሉ፤ ይሄን ያነበበችልኝ የወንድሜ ልጅ ናት። አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ አንዳንዱን ዝም ብለው እንዲያዩ አደረገች። በማግስቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ያነሱትን ያስታወሱት ባነሰ ሁኔታ ነው። ካሜራው ይይዝልኛል ብሎ አእምሮ ይለቀዋል። አንድ ነገር ግን ነበር። የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ አቅርበው ያነሱት አልረሱም። እኔ ሙዚየም ገብቼ አልሞከርኩትም፤ ግን 36 ብቻ ሲኖርህ ማንሳት ከምትችለው በላይ ታያለህ። ካሜራውን ዓይንህ ላይ አድርገህ "ይሄስ ይቅር" ያልከው ነገር አይጠፋብህም። የ1984ቱን ከተራ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያላነሳሁት ነው። አንድ ዓይነ ስውር ቄስ ነበሩ፣ አንድ ልጅ ጃንጥላ ይዞላቸው፣ ጃንጥላው ግን እሳቸውን ሳይሆን ራሱን ነበር የሚያጠላው። ሳቄ መጣና ካሜራው ተንቀጠቀጠብኝ።

ፎቶውን ካነሳችሁ ስሙን ጠይቁ። ይሄን የምለው ደጋግሜ ነው። ትንሽ ደብተር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ እርሳስም። "ቁጥር 14፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የዳቦ ቤቱ ልጅና እህቱ።" ፎቶ ቤት ሳለን የማይታወቅ ሰው ፎቶ በሳጥን ሙሉ ነበረን። ማን ይምጣና ይውሰደው? ዓመተ ምሕረቱንም ስትጽፉ የእኛን መሆኑን ግለጹ። ውጭ አገር ያደገ የልጅ ልጅ "1984" ሲያይ በፈረንጅ ቆጥሮ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳችኋል።

ማጠብ

ከለር ከሆነ ራሳችሁ አትታገሉ። 38 ዲግሪ ገደማ ውሃ ሳያወላውል ይፈልጋል፣ ለሚሠራው ሰው ስጡ። ጥቁርና ነጭ ግን ቤት ውስጥ ይታጠባል። እኔ በሌሊት፣ መብራት አጥፍቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነው ፊልሙን ብርሃን የማያስገባው የማጠቢያ ታንክ ውስጥ የምጠመጥመው። ጋቢው ሁለት ድርብ ይሁን። ኤችፒ5ን ዲ-76 በሚባለው የማጠቢያ መድኃኒት፣ አንድ እጅ መድኃኒት አንድ እጅ ውሃ፣ 20 ዲግሪ ላይ 11 ደቂቃ። በየደቂቃው መጀመሪያ 10 ሰከንድ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። የደሴ ውሃ በጥር ሌሊት ከ20 በታች ነው፣ ትንሽ የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ቴርሞሜትሩን እዩ። ከዚያ በውሃ አንዴ፣ ቀጥሎ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር 5 ደቂቃ።

ለማለቅለቅ ድሮ ቧንቧ ከፍተን ግማሽ ሰዓት እንተወው ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ዘመን ይሄ ነውር ነው። ኢልፎርድ ያወጣው መላ አለ። ታንኩን ሙሉና 5 ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉ። እንደገና ሙሉና 10 ጊዜ፣ ድፉ። እንደገና ሙሉና 20 ጊዜ። አለቀ። አንድ ጀሪካን ይተርፋል። ሲደርቅ ቡና ከሚቆላበት ክፍል አርቁት። የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያ ጥቅሏን ሳሎን ሰቅላው እማዬ ጀበናዋን አቀረበች። ጭሱም አቧራውም ፊልሙ ላይ ተለጥፎ ዛሬም አለ።

ከደረቀ በኋላ ፊልሙን በስድስት በስድስት ቁረጡት። አንድ በአንድ አትቁረጡ፣ እባካችሁ። እኛ ፎቶ ቤት ደንበኛው "የኔን ብቻ ስጡኝ" ሲል አንዷን ቆርጠን እንሰጥ ነበር። አሁን ሳስበው ያመኛል። ፊልም ጠርዙ ላይ ቁጥር አለው። ከየትኛው በኋላ የትኛው እንደመጣ እሱ ነው የሚናገረው። ቁርጥራጭ ካደረጋችሁት ፎቶ ብቻ ነው የሚቀራችሁ፣ ቀኑ ይጠፋል። በወረቀት ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ በላዩ ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ ደረቅ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ነሐሴ ላይ የደሴ ጉም ቤት ድረስ ይገባል፣ ሻጋታ ይወዳል። እኔ ከአዲስ ጫማና ከመድኃኒት ዕቃ ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ሰብስቤ እጨምራለሁ።

ያ ቆርቆሮ የብስኩት ነው። በ2014 ጥቅምት ከከተማው ስንወጣ እማዬን፣ ዜኒቱንና እሱን ይዤ ነው የወጣሁት። ግድግዳ ላይ የነበረውን ሁሉ ትቼ። ስንመለስ ፍሬሞቹም ፎቶዎቹም አልነበሩም። ሦስት ኪሎ የማይሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ግን ሃያ ዓመት ሰው ተቀምጧል። እንደገና አሳተምናቸው።

ከእነሱ አንዱ የ1984ቱ ጥቅል ነው።

ታላቅ ወንድሜ ወታደር ነበር። ግንቦት 83 ካለፈ በኋላ ወራት ሙሉ የት እንዳለ አላወቅንም። እማዬ ሁልጊዜ የምትናገረው ይሄ ነው፤ በከተራው ዕለት መጣ፣ ቤት እንኳን ሳይገባ መንገድ ላይ አገኘችው፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ከታቦቱ ኋላ አብሯት ሄደ። ለቅሶ ላይም፣ ሠርግ ላይም ትናገረዋለች። ወንድሜ በ1997 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየረዘመ ሄዷል፣ አሁን ሎሚም ገዝቶላት ነበር።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ከ1 እስከ 17 ከተራ። ከ18 እስከ 21 ጥምቀት። 22 የሚካኤል ዕለት ነው፣ ጥር 12። እማዬ አለች፣ ብቻዋን፣ እጇ አፏ ላይ። 23 ተንቀጥቅጧል። 24 ላይ ወንድሜ መደቡ ላይ ተቀምጧል፣ ፀጉሩ ተላጭቷል፣ የወታደር ካፖርቱን አላወለቀም፣ እግሩ ሥር የመታጠቢያ ውሃ አለ። የመጣ ማታ ነው። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ባለፈው ዓመት ኔጋቲቩን እንዴት እንደሚነበብ ላሳያት ብዬ ያንን ቁራጭ ለወንድሜ ልጅ መስኮቱ ላይ ይዤላት ነበር። እማዬ ቡና ታቀርባለች። ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። 22። 23። 24። ደግማ ቆጠረች። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላልኳትም።

"አየሽው አባትሽን?" አለች እማዬ ከወዲያ። "በከተራው ያነሳው ነው።"

ልጅቷ ቁራጩን ወደ ወረቀት ኪሱ መለሰችው። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና "እማማ፣ በየት በኩል ነበር የሄዳችሁት?" አለቻት። እማዬ ስኒውን አስቀመጠችና በእጇ መንገዱን ማሳየት ጀመረች፤ ከዚህ፣ በመናፈሻ፣ እንዲህ ዞረን። የልጅቷን ካሜራ ከጠረጴዛው አነሳሁ። ቁጥሩ 31 ላይ ነበር። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ትንሽ ነው፤ ስፒድ 60፣ ዲያፍራም 2.8።